የውኃ ሹም በማን ድምፅ ይመረጥ?

ስለ ሹመት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የነገሥታት፣ የመሳፍንትና የሚኒስትሮች ነገር ነው። የቦይ ጠባቂው፣ የግድብ ሹሙ፣ የመስኖ ዳኛው ግን በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ገበሬውን ብንጠይቀው፣ የዓመት ኑሮውን የሚያቃናለት ወይም የሚያጐድልበት በሩቅ ከተማ የተቀመጠው ባለሥልጣን ሳይሆን፣ «ዛሬ ውኃው ያንተ ነው፤ ነገ የጎረቤትህ ነው» ብሎ የሚቆርጠው ያ ትንሽ ሹም መሆኑን ይነግረናል። በአገራችንም በመስኖ በሚታረስባቸው በብዙ ስፍራዎች ውኃውን በተራ የሚያካፍል፣ ቦዩ በደለል ሲሞላ ሰው አውጥቶ የሚያስጠርግ፣ ተራ ያፈረሰውን የሚቀጣ፣ ባለመስኖዎቹ ራሳቸው የመረጡት «የውኃ አባት» አለ። ስሙ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ውኃ አባት ያስፈልገዋል፤ አባት ደግሞ ልጆቹን ሳያበላልጥ ማየት ይገባዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን አባት ማን ይምረጠው? መሬት ያለው ብቻ ይምረጠው? ወይስ በዚያው ቀበሌ የሚኖር፣ ከዚያው ቦይ የሚጠጣ፣ ጎርፍ ሲመጣ ቤቱ የሚወሰድበት ሁሉ ድምፅ ይስጥ? ባለ ብዙ መሬትስ ከባለ ጥቂት መሬት የበለጠ ድምፅ ይኑረውን? ይህ ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ከ130 ዓመት በላይ በምርጫ ሣጥን፣ በምክር ቤትና በፍርድ ቤት ሲያከራክር ኖሯል። ታሪኩ ለመንግሥት ሠራተኛም፣ ለአስተማሪም፣ ለተማሪም የሚጠቅም መስሎ ስለታየን፣ ከመነሻው እስከ ዘመናችን ያለውን በአጭሩ ልንተርከው አሰብን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የአገሩ ጠባይና የጠቡ መነሻ

ካሊፎርኒያ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር የሚገኝ ሰፊ አገር ነው። በመካከሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ታላቅ ሜዳ አለ፤ በስተምሥራቅ ደግሞ ሲየራ ኔቫዳ የተባሉ ረጃጅም ተራሮች ቆመዋል። ዝናም የሚዘንበው በብርድ ወራት ነው፤ በሙቀቱ ወራት ሰማዩ ደመና አያሳይም። በተራሮቹ ላይ የተከመረው በረዶ ሲቀልጥ ግን ወንዞቹ ሞልተው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። ስለዚህ የዚያ ሜዳ ገበሬ አፈሩ ለም፣ ፀሓዩ ብርቱ ሆኖለት ሳለ፣ ሰብሉ ውኃ በሚጠማበት ጊዜ ዝናም አያገኝም። ያለው ተስፋ ከተራራው የሚወርደውን ወንዝ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ማምጣት ብቻ ነው።

በ1848 ወርቅ ከተገኘ በኋላ ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ጐረፈ። ወርቁ እያነሰ ሲሄድ ሰው ፊቱን ወደ እርሻ መለሰ፤ ሜዳውም በስንዴ ተሸፈነ። ነገር ግን መሬቱ በአብዛኛው በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። ከእነዚህም ሁሉ ስማቸው የገነነው ሄንሪ ሚለርና ቻርልስ ለክስ የተባሉት ከብት አርቢዎች ነበሩ። እነዚህ ሁለት ሸሪኮች በወንዞች ዳርቻ እጅግ ሰፊ የግጦሽ መሬት ገዝተው ይዘው ነበር። ጄምስ ሃጊን የተባለ ሌላ ባለጸጋ ከእነርሱ ይዞታ በላይ የከርን ወንዝን ጠልፎ ወደ ራሱ መሬት በወሰደ ጊዜ ትልቅ ክስ ተነሣ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1886 ለሚለርና ለለክስ ፈረደ። የፍርዱ ቁም ነገር፣ ወንዝ በመሬቱ ዳር የሚያልፍለት ሰው ወንዙ ሳይጐድል እንዲወርድለት መብት አለው የሚል ነው።

ይህ ፍርድ ከወንዝ ርቆ ለተቀመጠው ትንሽ ገበሬ ከባድ መርዶ ሆነ። ወንዙን እያየ ሊነካው አይችልም። ቢፈቀድለትም እንኳ የብዙ ኪሎ ሜትር ቦይ ለመቈፈርና ግድብ ለመሥራት የአንድ ሰው ጉልበትና ገንዘብ አይበቃም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደተባለው፣ ቀሪው መንገድ ማበር ብቻ ነበር። ማበሩን ግን ሕግ ሊደግፈው ይገባ ነበር።

በምርጫ የተወለደ ሕግ

በዚያው በ1886 ሞደስቶ በተባለችው ከተማ ይኖር የነበረ ራይት የሚባል ጠበቃ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባልነት ተወዳደረ። ለመራጮቹ የገባው ዋና ቃል የመስኖን ሕግ አወጣለሁ የሚል ነበር። ተመረጠና ቃሉን ፈጸመ። «የራይት ሕግ» እየተባለ የሚጠራው ሕግ በመጋቢት ወር 1887 ጸና። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሰውየው የተመረጠው በዘሩ ወይም በሀብቱ ስላልነበረ፣ ቃሉን ቢያጥፍ የሚጠይቁት ሰዎች በየመንገዱ የሚያገኛቸው ጎረቤቶቹ ነበሩ። የአንዲት ቀበሌ ሕዝብ ችግሩን በአንድ ነገር ጠቅልሎ አንዱን ሰው «ይህን አድርግልን» ብሎ ሲልከው፣ መልእክተኛው ለመሸሽ ቦታ አያገኝም።

ሕጉ የደነገገው በአጭሩ እንዲህ ነው። በአንድ አካባቢ ያሉ 50 ባለርስቶች፣ ወይም ከባለርስቶቹ የሚበዙት፣ የመስኖ ወረዳ እንዲቋቋም ለአውራጃው ምክር ቤት ማመልከት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የቀበሌው መራጭ ሕዝብ ድምፅ ይሰጣል፤ ከ3 እጅ 2 እጁ ከተስማማ ወረዳው ይቋቋማል። ሕዝቡ አምስት የቦርድ አባሎችን፣ ግምት የሚያወጣ፣ ግብር የሚሰበስብና ገንዘብ የሚይዝ ሹሞችንም ይመርጣል። ቦርዱ ለቦይና ለግድብ የሚያስፈልገውን መሬትና ውኃ ካሣ ከፍሎ የመውሰድ፣ ቦንድ የሚባለውን የብድር ሰነድ በሕዝብ ድምፅ አስፈቅዶ የመሸጥ፣ ዕዳውንም በመሬት ላይ ግብር ጥሎ የመክፈል ሥልጣን አለው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስደነቀውና ያስቈጣው ግን የመራጮቹ ነገር ነው። በሕጉ መሠረት ድምፅ የሚሰጠው ባለርስቱ ብቻ ሳይሆን በወረዳው ውስጥ የሚኖር ሕጋዊ መራጭ ሁሉ ነው። አሥር ሺሕ ኤክር ያለው ባለስንዴና በከተማው አንዲት ጠባብ ቤት የተከራየ አንጥረኛ ድምፃቸው እኩል ሆነ። በጊዜው ሴቶች በካሊፎርኒያ ገና አይመርጡም ነበርና፣ በስሟ መሬት ይዛ ግብር የምትከፍል ሴት ድምፅ አልነበራትም። ይህ ጉድለት የታረመው በ1911 ለሴቶች የመምረጥ መብት በተፈቀደ ጊዜ ነው።

ቱርሎክና ሞደስቶ

ሕጉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሰኔ 1887፣ የቱርሎክ የመስኖ ወረዳ የመጀመሪያው ሆኖ ተቋቋመ። ጎረቤቱ ሞደስቶም ወዲያውኑ ተከተለ። ሁለቱም ዐይናቸውን የጣሉት በቱዎለሚ ወንዝ ላይ ነበር።

ነገር ግን መመሥረትና ውኃ ማምጣት እጅግ የተራራቁ ነገሮች ሆኑ። ባለ ብዙ መሬቶቹ የስንዴ አራሾች «እኛ በዝናም እናርሳለን፤ ውኃ አልጠየቅንም፤ መሬት የሌለው ሰው በድምፁ ብልጫ ዕዳ ሊጭንብን አይገባም» ብለው ተቃወሙ። ግብሩን አንከፍልም አሉ፤ በየፍርድ ቤቱም ከሰሱ። አንዳንዶቹም በሌላ ዘዴ መጡ፤ መስኖን የሚቃወሙ ሰዎች ለመስኖው ቦርድ እጩ ሆነው ቀረቡ። እንግዲህ የውኃ ሹም ምርጫ ምን ያህል ብርቱ ነገር መሆኑ የታየው በዚህ ጊዜ ነው። አንድን ሥራ ለማፍረስ የግድ ከውጭ መውጋት አያስፈልግም፤ የሚያዘውን ወንበር በድምፅ መያዝ ይበቃል። ስለዚህ በየምርጫው የሚቀርበው ጥያቄ «እገሌ ይሻላል ወይስ እገሌ» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «ይህ ወረዳ ይኑር ወይስ ይሙት» የሚል ነበር።

በዚህ ላይ በ1893 በአገሩ ሁሉ የገንዘብ ችግር ወደቀ። የሕጉ ጽናት በክስ ላይ ስለ ነበረ የብድሩን ሰነድ የሚገዛ ሰው ጠፋ። ሁለቱ ወረዳዎች ላግሬንጅ የተባለውን ግድብ በ1893 ሠርተው ቢጨርሱም፣ ውኃውን ወደ ማሳ የሚያደርሰው ቦይ ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

የክሱ ነገር በመጨረሻ የተቈረጠው በ1896 ነው። ፎልብሩክ በተባለ ሌላ የመስኖ ወረዳ ውስጥ መሬት የነበራት ብራድሊ የምትባል ሴት ግብሩን አልከፍልም ብላ ተሟግታ ነበር። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም ደረቅ መሬትን በውኃ ማልማት ለሕዝብ የሚጠቅም ሥራ ነው፤ ስለዚህ ወረዳው ግብር ሊጥል ይችላል ብሎ ፈረደ። በዚህ ፍርድ በሕዝብ የተመረጠ የውኃ ቦርድ በሕግ ፊት ቆሞ እንዲሄድ ሆነ።

ሆኖም ፍርዱ በመጣ ጊዜ በራይት ሕግ ከተቋቋሙት ወረዳዎች የሚበዙት በዕዳ ተይዘው ወድቀው ነበር። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከመጀመሪያው በቂ ውኃ በሌለበት ስፍራ፣ ለገበሬው ጥቅም ሳይሆን መሬት ሻጮች ዋጋ እንዲወደድላቸው ሲሉ ያስመሠረቷቸው ነበሩ። ስለዚህ በ1897 ሕጉ ተሻሽሎ አዲስ ወረዳ ማቋቋምም ሆነ ዕዳ መግባት ከበድ ያለ ድምፅ እንዲያስፈልገው ተደረገ። የዚህ ትምህርት ግልጽ ነው። ሕዝብ ይመርጣል ማለት ሕዝብ አይታለልም ማለት አይደለም። ለምርጫ የቀረበ ሰው «ውኃ አመጣላችኋለሁ» ሲል ውኃው ከየት ወንዝ፣ በስንት ገንዘብ፣ በማን ዕዳ እንደሚመጣ የማይጠይቅ መራጭ በገዛ ድምፁ ራሱን ያስይዛል።

ቱርሎክና ሞደስቶ ግን ጸኑ። ለቱርሎክ ማሳዎች ውኃው በ1900 ደረሰ፤ ሞደስቶም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለች። ያ የስንዴ ሜዳ ብዙ ሳይቈይ በትንንሽ እርሻዎች ተከፋፍሎ ፍራፍሬ፣ ለውዝና የወተት ከብት የሚረባበት አገር ሆነ። ሁለቱ ወረዳዎች በ1923 ዶን ፔድሮ የተባለውን ግድብ በኅብረት ሠርተው ኤሌክትሪክም መሸጥ ጀመሩ። ዛሬም ቢሆን ቦርዶቻቸው በሕዝብ የሚመረጡ ናቸው።

ሁለት መንገዶች

ከዚህ በኋላ የካሊፎርኒያ ሕግ በሁለት መንገድ ተከፈለ። አንደኛው መንገድ የራይት ነው፤ በወረዳው የሚኖር ሰው ሁሉ ይመርጣል። ሁለተኛው መንገድ በ1921 በወጣው የውኃ ማከማቻ ወረዳዎች ሕግ የተጠረገ ነው። በዚህኛው የሚመርጠው ባለመሬት ብቻ ሲሆን፣ ድምፁም የሚቈጠረው በሰው ልክ ሳይሆን በመሬቱ ግምት ልክ ነው፤ ለመቶ ዶላር ግምት አንድ ድምፅ ይሰጣል። በዚያ የማይኖር ባለመሬት ይመርጣል፤ ነፍስ የሌለው ኩባንያም ይመርጣል። በዚያው ተወልዶ የሚኖር መሬት የሌለው ሰው ግን፣ መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ቢሆን እንኳ፣ አይመርጥም።

የሁለተኛው መንገድ ደጋፊዎች ምክንያት የላቸውም አንልም። ዕዳውን የሚከፍለው መሬቱ ነው፤ ቦርዱ ቢሳሳት ርስቱ የሚሸጥበት ባለመሬቱ ነው፤ ታዲያ የማይከፍል ሰው በከፋዩ ኪስ ለምን ያዝዛል ይላሉ። የመጀመሪያው መንገድ ደጋፊዎች ደግሞ ይህን ይመልሳሉ። ውኃ እንደ ሸቀጥ በሚዛን ተለክቶ በገዢው ቤት ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ሲጐድል ከተማው ይጠማል፤ ሲሞላ የድኻው ቤት ቀድሞ ይወሰዳል። ስለዚህ ግብር ከፋይ ብቻ ሳይሆን ጉዳት ከፋይም ድምፅ ይገባዋል ይላሉ። ይህ ክርክር በወረቀት ላይ ብቻ በቀረ ኖሮ ለሊቃውንት መጫወቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1969 ውኃው ራሱ መጥቶ ጠየቀ።

የቱላሬ ሐይቅ

በታላቁ ሜዳ ደቡባዊ ክፍል ቱላሬ የሚባል ሐይቅ ነበር። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ ካሉት የጣፋጭ ውኃ ሐይቆች ሁሉ በስፋቱ ይበልጥ የነበረው ይህ ሐይቅ ነው። በዳርቻው ዮኩት የተባሉት የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። በኋላ የሚገቡበት ወንዞች ለመስኖ እየተጠለፉ ሐይቁ ደረቀ፤ ወለሉም ታርሶ ጥጥና እህል የሚበቅልበት እጅግ ለም መሬት ሆነ። በ1926 በዚያ ስፍራ በሁለተኛው መንገድ፣ ማለት በመሬት ግምት ድምፅ የሚሰጥበት፣ የውኃ ማከማቻ ወረዳ ተቋቋመ።

ወረዳው 193,000 ኤክር ስፋት ነበረው፤ ይህም በቀድሞው ልኬታችን ወደ 1,950 ጋሻ የሚጠጋ ነው። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶውን የሚያርሱት አራት ኩባንያዎች ነበሩ። በውስጡ የሚኖረው ሕዝብ ሕፃናት ሳይቀሩ ተቈጥሮ 77 ነፍስ ብቻ ነበር፤ አብዛኛውም የኩባንያዎቹ ሠራተኛ ነው። እያንዳንዳቸው እስከ 80 ኤክር የሚደርስ መሬት ያላቸው 189 ባለመሬቶች ነበሩ፤ የሁሉም መሬት ተደምሮ ግን ከወረዳው 2.34 በመቶ ብቻ ነበር። በአንጻሩ ቦስዌል የተባለው ኩባንያ ብቻውን 37,825 ድምፅ ነበረው፤ ይህም ከቦርዱ አባሎች የሚበዙትን ለማስመረጥ የሚበቃ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ እጩ ተወዳዳሪ ማንን ይለምናል? ከደጅ ወደ ደጅ እየዞረ ለማን ንግግር ያደርጋል? ምርጫ የሚለው ቃል አለ፤ የምርጫው ፍሬ ነገር ግን የለም ቢባል ማጋነን አይመስለንም።

በ1969 ብርቱ ጎርፍ መጣና ከወረዳው 88,000 ኤክር መሬት በውኃ ተሸፈነ። ውኃውን በከፊል በስተደቡብ ወዳለው ቦይና ቪስታ ወደተባለው የሐይቅ ወለል ለመምራት ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ቦርዱ ግን በ6 ድምፅ በ4 ተቃውሞ ሐሳቡን አቆየው። በኋላ በነገሩ ላይ በተለየ ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ እንደ ገለጹት፣ ቦስዌል በዚያ በሁለተኛው ሐይቅ ወለል ላይ ለረጅም ዘመን በኪራይ የያዘው እርሻ ነበረውና ውኃው ወደዚያ ቢሄድ የሚመጣው ዓመት አዝመራው ይጐዳበት ነበር። ከከሳሾቹ አንዱ ይኖርበት የነበረው ቤት ከጎርፉ ከፍታ 15 ጫማ ተኩል ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነበር። ይህ ሰው የቦርዱን አባሎች አልመረጠም፤ እንዲመርጥም ሕግ አልፈቀደለትም።

ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ይኸው ፍርድ ቤት በ1964 ለክፍለ ግዛት ምክር ቤቶች የሰው ሁሉ ድምፅ እኩል መሆን አለበት፣ ተወካይ የሚወክለው ሰውን እንጂ መሬትን ወይም ዛፍን አይደለም ብሎ ወስኖ ነበርና፣ ከሳሾቹ ተስፋ ነበራቸው። ነገር ግን በመጋቢት 1973 ፍርድ ቤቱ በ6 ድምፅ በ3 ተቃውሞ ፈረደባቸው። የአብላጫዎቹ ዳኞች ምክንያት፣ ወረዳው ጠቅላላ የመንግሥት ሥራ የሚሠራ ሳይሆን ውኃን ብቻ የሚያከማች ልዩ ድርጅት ነው፤ ወጪውም በመሬቱ ላይ እንደየግምቱ የሚያርፍ ነው፤ ስለዚህ ድምፁ ለባለመሬት ብቻ ቢሰጥ ሕገ መንግሥትን አያፈርስም የሚል ነው። ዳኛ ዳግላስና ሁለት ባልደረቦቻቸው ግን ጎርፍን መከላከል የሰውን ሕይወትና ቤት የሚነካ ሥራ ስለ ሆነ የሚኖርበት ሰው ድምፅ ሊነፈገው አይገባም አሉ።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ በጎረቤቱ በአሪዞና ስለሚገኘው የሶልት ወንዝ ወረዳ ተመሳሳይ ነገር ቀረበ። ይህ ወረዳ የክፍለ ግዛቱን ሕዝብ ግማሽ ሊያህል የሚደርስ ሰው የሚኖርበትና ኤሌክትሪክም የሚሸጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ አሁንም በ5 ድምፅ በ4 ተቃውሞ በመሬት ልክ መምረጥ ይቻላል አለ። ተቃውሞው ከሦስት ወደ አራት ማደጉ ጥያቄው አለመሞቱን ያሳያል።

ኢምፔሪያል

የራይትን መንገድ ተከትለው ከቆዩት ወረዳዎች ታላቁ በሜክሲኮ ድንበር አጠገብ የሚገኘው ኢምፔሪያል ነው። በዚያ ምድረ በዳ የኮሎራዶ ወንዝን ውኃ መጀመሪያ ያመጣው የግል ኩባንያ ነበር። በ1905 ወንዙ የኩባንያውን ቦይ ሰብሮ ወደ ዝቅተኛው ሸለቆ ገባና እስከ 1907 ሳይገታ ፈሰሰ፤ ሶልተን የተባለው ሐይቅ በዚህ ተፈጠረ። ኩባንያውም ወደቀ። ሕዝቡ በ1911 የመስኖ ወረዳ አቋቁሞ ቀስ በቀስ ሁሉን ቦይ በእጁ አደረገ። አምስቱን የቦርድ አባሎች የሚመርጠው በየክፍሉ የተመዘገበ መራጭ ሁሉ ነው፤ ገበሬው ይመርጣል፤ የእርሻ ሠራተኛው፣ አስተማሪውና ባለሱቁም ይመርጣሉ።

ይህ ቦርድ የሚያዝዘው የውኃ መጠን በዓመት እስከ 3.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል። ከኮሎራዶ ወንዝ ይህን ያህል የሚወስድ ሌላ ወረዳ የለም። ስለዚህ የሳንዲዬጎ ከተማና አካባቢዋ ከዚህ ውኃ በዓመት ወደ 250 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋውን ለመግዛት በጠየቁ ጊዜ ነገሩ የክፍለ ግዛቱን ብቻ ሳይሆን የፌዴራሉን መንግሥትም አስጨነቀ። በታኅሣሥ 2002 ቦርዱ በ3 ድምፅ በ2 ተቃውሞ አልሸጥም አለ። ከብዙ ግፊትና ድርድር በኋላ በጥቅምት 2003 በ3 ድምፅ በ2 ተቃውሞ ተስማማ። የሚሊዮኖች መጠጥና የሺሕ ማሳዎች ልምላሜ በአንድ ሰው ድምፅ ሲዞር ይታያል። ያ አንድ ሰው ደግሞ ወንበሩን ያገኘው በትንንሽ ከተሞች ካሉ መራጮች እጅ ነው።

ትላልቅ ገበሬዎችም በኋላ ውኃው የእኛ ነው ሲሉ ከሰሱ። በ2020 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የውኃው መብት ባለቤት ወረዳው ነው፤ እርሱም ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ በአደራ ይዞታል፤ ገበሬው ያለው መብት በአገባቡ ውኃ የማግኘት ነው ብሎ ወሰነ። አደራ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሊታሰብበት ይገባል። ባለአደራ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ያዝዛል፤ ሊበላው ግን አይፈቀድለትም።

የምርጫው ወግ

እንዲህ ያለውን ሹመት የሚሻ ሰው እንዴት ይወዳደራል? በካሊፎርኒያ ሕግ የእነዚህ ወረዳዎች ምርጫ የፖለቲካ ፓርቲ ስም አይጻፍበትም። እጩው ስሙን ለአውራጃው የምርጫ ሹም ያስመዘግባል፤ ሥራውን በአጭር ቃል ያስታውቃል፤ ከዚያም ጎረቤቶቹን ይለምናል። የሚጠየቀውም የታወቀ ነው። የውኃው ዋጋ ስንት ይሆናል? በድርቅ ዓመት ማን ይቅደም? ያረጀው ቦይ በማን ገንዘብ ይጠገን? ውኃ ለውጭ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?

ነገር ግን የማይሸሸግ ድካም አለ። ብዙ ጊዜ ለወንበሩ ከአንድ በላይ እጩ አይቀርብም፤ በዚህ ጊዜ ምርጫው ይቀርና ያ ሰው እንደ ተመረጠ ተቈጥሮ ይሾማል። ሕዝቡ ውኃው ከቧንቧው እስከ ወረደ ድረስ የቦርዱን ስም አያውቅም። ሆኖም በዝምታ የተያዘ ወንበር የሕዝብ መሆኑን ቀስ በቀስ ይረሳል። ይህን ድካም ለማቃለል ከተደረጉት ነገሮች ዋናው በ1953 የወጣው፣ የአካባቢ ቦርዶች ሁሉ ስብሰባቸውን በግልጽ እንዲያደርጉ የሚያስገድደው ሕግ ነው። ይህን ሕግ ያቀረቡት ራልፍ ብራውን የተባሉት የምክር ቤት አባል የመጡት ከዚያችው ከሞደስቶ ነው። አንድ ከተማ በ66 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለአገሩ ሁሉ ያስተማረ ሆነ፤ አንደኛ የውኃውን ሹም ሕዝብ እንዲመርጥ፣ ሁለተኛ የተመረጠው ሹም በሕዝብ ፊት እንዲመክር።

የከርሰ ምድር ውኃም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሹም አልነበረውም፤ ጥልቅ ጕድጓድ ለመቈፈር ገንዘብ ያለው ሁሉ ይስበው ነበር። በዚህ ምክንያት በቱላሬ ሐይቅ ዳር ያለችው የኮርኮራን ከተማ ምድሩ ከሥሯ እየተሳበ ዝቅ ብላለች። በ2014 የወጣው ሕግ በየአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃን የሚጠብቁ ቦርዶች እንዲቋቋሙ አዘዘ። በ2023 ከባድ ዝናምና በረዶ በወረደ ጊዜ የደረቀው ሐይቅ ተመልሶ ከ100,000 ኤክር በላይ መሬት ሸፈነ፤ ኮርኮራንንም ለማዳን የአፈር ግድቧን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። በ2024 ደግሞ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት የቱላሬ ሐይቅ አካባቢ ቦርዶች ያቀረቡት ዕቅድ አይበቃም ብሎ አካባቢውን በልዩ ቍጥጥር ሥር አዋለው። የአካባቢ ሹም ሥራውን ካልሠራ ሥልጣኑ ወደ ላይ ይወሰዳል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምንቀስመው ምንድን ነው? ወጪውን የሚሸከም ሰው በወጪው ላይ ቃል ሊኖረው ይገባል የሚለውን ንቀን አናልፈውም፤ ዕዳ የማይነካው ሰው በዕዳ ላይ ቸር መሆኑ የታወቀ ነውና። ነገር ግን የመሬት ስፋት የድምፅ ልክ በሆነ ጊዜ ምን እንደሚደርስ የ1969 ጎርፍ አሳይቷል። ግብር በየዓመቱ ይከፈላል፤ ሊመለስም ይችላል። በጎርፍ የተወሰደ ቤት ግን ግብር ከፋይ ያልሆነ ሰው የከፈለው ግብር ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የራይት መንገድ፣ ስሕተቱና ዕዳው ሁሉ ተቈጥሮ፣ ከሁለተኛው ይሻላል።

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ክፉ ተረት አለ። ይህ ተረት በየትም ይሁን በየት የሚሠራው ሹሙ የሚሾምበትም የሚሻርበትም ምክንያት ለሕዝቡ ሥውር በሆነበት ስፍራ ነው። ሹሙ ከማን እጅ ሹመቱን እንደ ተቀበለ ካወቀ፣ ስብሰባውም በሰው ሁሉ ፊት ከሆነ፣ ለመብላት የሚያመች ጨለማ አያገኝም። ውኃ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለዚህ የሚመች ንብረት ነው፤ የጐደለው መጠን በማሳው ላይ ወዲያው ይታያልና። የቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ገበሬ ማሳው በደረቀ ጊዜ፣ ሹሙን ለመጠየቅ የሚያስችል ድምፅ በእጁ ቢኖረው፣ በቦዩ ራስ ላይ ያለው ሹም ከማዝዙ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።